ተራ

እኔ ካርድ ክፍል ነኝ፤ ከመስታወት ኋላ፣
ስም እጽፋለሁ፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ሌላ ሌላ።
በዚች ጠባብ ቀዳዳ እጅ ብቻ ነው የማየው፣
እንሶስላ የሞቀው፣ ጭቃ የሰነጠቀው።
ፊት የማየው ኋላ ነው፣ መስኮቱን ስዘጋ፣
እዚያው ተቀምጠው፣ ወንበሩን አድርገው አልጋ።

ገና በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ጎህ ሳይቀድ ከሐይቁ፣
አጥሩን ይዘው ይቆማሉ፣ እያንቀላፉ፣ እየነቁ።
አንዷ ለጽንስ፣ አንዷ ጡቷ ላይ ላገኘችው ጠጠር፣
አንዷ ለባሏ እንኳ ላልደፈረችው ነገር።
ሁሉንም ቁጥር አደርጋቸዋለሁ፤ ሥራዬ ነው፤
ካርቶን ቆርጬ፣ በስክሪፕቶ ጽፌ፣ “ቀጥሎ ማነው?”

ባለፈው ሰኔ፣ ሰኞ፣ አንድ እጅ መጣ፣
መቅዘፊያ የላጠው፣ መዳፉ የነጣ።
ስም? “አንጓች።” ዕድሜ? “ሰባት ወልጃለሁ።”
ዕድሜሽን ነው እናቴ! “እሱኑ ነው እየነገርኩህ ያለሁ።”
አድራሻ? “ደቅ። ከውሃው መሐል ነው ቤቴ፤
ጀልባዋ ስምንት ሰዓት ትመለሳለች፤ ቶሎ በለኝ በሞቴ።”

ሰማንያ ሰባት ሰጠኋት።
ገልብጣ አየችው፤ ማንበብ አትችልም፤ ግን ገባት።

ሦስት ሰዓት ላይ ሐኪሟ ገባች። አራት ላይ መብራት ሄደ።
አምስት ላይ አንድ ባለ መኪና ሚስቱን ይዞ፣ በጓሮ በር ነጎደ።
ስድስት ላይ ምሳ። ስድስት ተኩልም ምሳ። ሰባትም ያው ምሳ፤
አርባ ሁለት ላይ ተኝቷል ወረፋው፣ ማን በጅራፍ ያስነሣ?
በዘንባባዎቹ መሐል ቁራጭ ሐይቅ ይታያል ከወንበሯ፣
ጨውና ጀሪካን የጫነች ጀልባ፣ እየሳለ ሞተሯ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ጡሩምባው ተነፋ፤
አንጓች ወገቧን ይዛ ተነሣች፣ ግድግዳ ተደግፋ።
ካርቶኗን መልሳ በቀዳዳዋ ሰጠችኝ፣
“ለሌላ ሰው ይሆናል፤ አልተነካም” አለችኝ።
“ተራ ሰው ነኝ ልጄ፤ ተራም አይደርሰኝ።”
ሳትቆጣ ነው ያለችው። ምነው በሰደበችኝ!

ከደቅ የመጣች ሴት፣ ወንበር ላይ ደቅቃ ተመለሰች።
ጀልባዋ ስትወጣ አላየሁም፤ ሌላ ሴት መስኮቴ ላይ ነበረች።

ሒሳብ ደካማ ነኝ። ግን ያን ሌሊት መዝገቡን ገለጥኩት፣
ማን ለምን እንደመጣ፣ በጣቴ እየተከተልኩ ቆጠርኩት።
ሃያ ስድስቱ ለማህተም፤ አሥራ አራቱ ውጤት ለመውሰድ፤
ስንት ሴት ኖሯል፣ ለአንዲት ወረቀት፣ ከበር ላይ የምትነድ!

ለአዋላጇ ለስለናት ነገርኳት፤ ቀና ብላ አየችኝ፣
“አሥራ ሁለት ዓመት ስጮህ የት ነበርክ?” አለችኝ።
ከዚያ ጠረጴዛ ጎትታ ኮሪደሩ ላይ አቆመች፣
ማህተሟን ከመሳቢያ አውጥታ፣ “ወረቀት ፈላጊ በዚህ!” ብላ ጮኸች።

እኔም በካርዱ ጥግ ላይ፣ በሰማያዊ ስክሪፕቶ፣
ጀልባ መሳል ጀመርኩ፤ የልጅ ሥዕል መሳይ፣ ሆዷ እንደ ነፍሰ ጡር ወጥቶ።
ጀልባ ያላት ትቅደም፤ ውሃ አይጠብቃትም።
የከተማዋ ሴት ታጉረመርማለች፤ እሷም አትሳሳትም፤
ለእሷም በካርዷ ላይ ጻፍኩ፣ “አምስት ሰዓት ተመለሺ፣
እስከዚያ ዘመድ ጠይቂ፣ ገበያም ድረሺ።”
አንዳንዷ አታምነኝም፤ ከወንበሩ አትንቀሳቀስም፤
መጠበቅ የለመደ ጉልበት፣ በአንድ ቃል አይመለስም።

መብራቱ ዛሬም ይሄዳል፤ ሐኪሟም አንድ ናት፤
የጓሮው በር ቁልፍ ግን ጠፍቷል፤ የት እንደገባ ስለናትን ጠይቋት።

አንጓችስ?

አልመጣችም። ሐምሌ በማዕበል አለፈ፣ ነሐሴ፣
እምቦጩ ወደቡን ዘጋው፤ መስከረም ጠባ፤ ካርቶኗ አልወጣም ከኪሴ።
ሰኞ ሰኞ የሞተሩን ሳል ስሰማ፣ ስክሪፕቶዬን አነሣለሁ፣
በቀዳዳዋ የሚገባውን ሁሉ፣ መዳፍ መዳፉን አያለሁ።
ከሰማንያ ስድስት ወደ ሰማንያ ስምንት እሻገራለሁ፤
“ቁጥር ዘለልክ” ይሉኛል፤ “አልዘለልኩም” እላለሁ፤

“ሰው አለው።”